ስለ አንድ ትልቅ ሰሌዳ ዋጋ



ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ፣ አንድ የቁምስናችን ምእመን ወደ እኛ ቀርበው፣ «አንድ ሥራ ታዝዣለሁ፤ ስንት ብጠይቅበት ነው ኃጢአት የማይሆንብኝ?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው በአጭሩ የቀረበ ቢሆንም መልሱን በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመን ልንሰጣቸው አልቻልንም። ከእርሳቸው ጋር ሁለት ምሽት ከተነጋገርንበት በኋላ ግን ነገሩ ለብዙዎቻችን የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን፣ ስማቸውንና ከተማቸውን ትተን፣ በፈቃዳቸው ለአንባብያን እናቀርበዋለን።

እኚህ ሰው የማስታወቂያ ሰሌዳ ሠሪ ናቸው። ሱቃቸው አንድ በር ነው፤ ከበሩ ውጭ ባለው ጥላ ሥር ላሜራ ይቈረጣል፣ ብረት ይቀባል፤ ከውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒዩተርና ስቲከር የሚቈርጥ መሣሪያ አለ። ሁለት ወጣት ረዳቶች አሏቸው፤ አንደኛው አራት ዓመት አብሯቸው የቈየ ሲሆን ሁለተኛው ገና ብሩሽ ማጠብ የሚማር ነው። የዘወትር ሥራቸው የጸጉር ቤት፣ የመድኃኒት ቤትና የምግብ ቤት ሰሌዳ፣ በጭነት መኪና በር ላይ የሚጻፍ ስም፣ ለሠርግና ለምረቃ የሚሰቀል ባነር ነው። እስከ ዛሬ ከሠሩት ሁሉ ትልቁ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የትምህርት ቤት ሰሌዳ ነበረ።

በቅርቡ ግን በከተማይቱ ዋና መንገድ ዳር ባለ አራት ፎቅ ሆቴል ያሠሩ አንድ ባለሀብት ወደ ሱቃቸው መጡ። የፈለጉት ሰሌዳ ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር ሆኖ በሕንፃው ጣሪያ ላይ የሚቆም፣ ፊደሎቹም ጎልተው ወጥተው ሌሊት የሚበሩ ነው። የምረቃው ቀን ተቈርጧል፤ እንግዶች ተጠርተዋል፤ የቀሩት አምስት ሳምንታት ብቻ ናቸው። ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ለማሠራት ጊዜው አይበቃም። ባለሀብቱም ይህን አልደበቁም፤ «ዋጋህን ንገረኝ፤ ብቻ ለቀኑ ይድረስልኝ» ብለው ሄዱ።

በዚያው ምሽት ለወንድማችን ሁለት ምክር መጣላቸው። አንድ የሥራ ጓደኛቸው፣ «ሰውየው ገንዘብ አለው፤ ጊዜ ግን የለውም። እንዲህ ያለ ሥራ በዕድሜህ አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው። በካሬ የምትጠይቀውን ሦስት እጥፍ አድርገህ ጥራ» አላቸው። ባለቤታቸው ደግሞ፣ «ሥራው ከእጅህ እንዳያመልጥ ቀንስላቸው፤ ይህ ሰሌዳ ከተሰቀለ ከተማው ሁሉ ያውቅሃል» አሏቸው። ሁለቱም በጎ አስበው እንደ ተናገሩ አንጠራጠርም። ነገር ግን ከሁለቱ አንዳቸውም ስለ ሥራው አልተናገሩም፤ የአንዱ ነገር በደንበኛው ኪስ ላይ፣ የሌላዪቱ በደንበኛው ፊት ሞገስ በማግኘት ላይ ነበረ።

ምናልባት ከአንባብያን አንዳንዱ፣ «ዋጋ የገበያ ጉዳይ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ምን አገባት?» ይል ይሆናል። ኦሪት ግን ስለ መሥዋዕት በደነገገችበት አንደበት ስለ ሚዛንና ስለ መስፈሪያም ደንግጋለች፤ በአንድ ከረጢት ውስጥ ከባድና ቀላል ሁለት ዓይነት መመዘኛ መያዝን በኦሪት ዘዳግም ከልክላለች። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 27 ላይ በመሸጥና በመግዛት መካከል ኃጢአት እንዴት እንደሚሰካ ሲያስረዳ፣ በሁለት ድንጋዮች መጋጠሚያ ውስጥ የተቸነከረን ካስማ ይመስላል። ምሳሌው እውነተኛ መሆኑን በገበያ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። ካስማው የሚገባው ድንጋዮቹ በተራራቁበት ስፍራ ሳይሆን በተጣበቁበት ነው፤ ሻጭና ገዢም እጅግ የሚቀራረቡት ዋጋ በሚነጋገሩበት ሰዓት ነው።

የወንድማችን ጉዳይ ደግሞ ከእህል ንግድ ይልቅ ይከብዳል። የጤፍ ዋጋ ገበያ ላይ አለ፤ ከፍ ያደረገውን ሰው ጎረቤቱ ያጋልጠዋል፤ ገዢው ሦስት ሱቅ ዞሮ ያመዛዝናል። ከዚህ በፊት ያልተሠራ፣ ወደ ፊትም እርሱን የሚመስል የማይሠራ ሰሌዳ ግን የገበያ ዋጋ የለውም። ደንበኛው የሚያመዛዝንበት ነገር የለውም፤ ሠሪውም እንዲሁ። በኦሪት ሚዛኑ አስቀድሞ ተሠርቶ ሳለ ሰው እንዳያዛባው ታዘዘ፤ በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ግን ሚዛኑን የሚሠራው ራሱ ሻጩ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ወደ ኅሊና የሚመጣው ሌላ ዳኛ ስለሌለ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ምሽት ያደረግነው ነገር ቢኖር ወረቀትና እርሳስ ይዘን መቀመጥ ነበር። ይህ ለመንፈሳዊ መጽሔት የማይገባ ዝርዝር ነው የሚል ቢኖር፣ ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ስለ ግንብ ሠሪው በተናገረው ምሳሌ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪን ማስላትን የጥበብ ሥራ አድርጎ እንዳቀረበው እናስታውሰዋለን።

ወንድማችን እንደ ልማዳቸው በካሬ ሜትር ነው የሚያስከፍሉት። የትምህርት ቤቱ ሰሌዳ 2 ካሬ ነበረ፤ የሆቴሉ 36 ካሬ ነው። በልማዱ ከሄድን ዋጋው 18 እጥፍ ይሆናል። ቀላል ስሌት ነው፤ ብዙዎችም በዚህ ያበቃሉ። ነገር ግን አንድ በአንድ ስንመረምረው ከ18 እጥፍ በታች የሚሆንም፣ ከ18 እጥፍ በላይ የሚሆንም ነገር ተገኘ። የፊደሉን ቅርጽ መንደፍ፣ ከባለቤቱ ጋር ስለ ቀለሙ መነጋገር፣ ወደ ስፍራው ሄዶ መለካት፣ ይህ ሁሉ ለትልቁም ለትንሹም ተቀራራቢ ድካም ነው። ላሜራና ቀለም በብዛት ሲገዙም ጥቂት ይቀንሳሉ። በእነዚህ ላይ 18 እጥፍ መጠየቅ ያልሠሩትን ማስከፈል ይሆናል።

በሌላ ወገን ነፋስ አለ። ሁለት ካሬ ሰሌዳ በግድግዳ ላይ በአራት ብሎን ይያዛል፤ በጣሪያ ላይ የቆመ 36 ካሬ ሰሌዳ ግን እንደ ሸራ ነው። በአንድ ዓይነት ነፋስ የሚያርፍበት ግፊት 18 እጥፍ ሲሆን፣ በሕንፃው ራስ ላይ ደግሞ ነፋሱ ራሱ ከመንገዱ ይልቅ ይበረታል። ሰሌዳው በቆመ መጠንም ከሥሩ የሚነቅለው ኃይል በቁመቱ ልክ ይጨምራል። ስለዚህ ቱቦላሬው መወፈር፣ ደጋፊው ብረት መብዛት፣ ከሕንፃው ቤቶን ጋር የሚያያዝበትም ስፍራ ሕንፃውን በሠሩት መሐንዲስ መታየት አለበት። ለብየዳው ሌላ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ለመብራቱ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፤ ለመስቀሉ መወጣጫና ተጨማሪ የቀን ሠራተኞች። ከዚህም ሌላ በወረቀት ላይ በቀላሉ የማይታይ ወጪ አለ፤ ይኸውም ሱቁ አምስት ሳምንት በአንድ ሥራ ሲያዝ፣ የጸጉር ቤቱም የመድኃኒት ቤቱም ደንበኛ ወደ ሌላ ሄዶ በዚያው ሊቀር መቻሉ ነው። አንድ ፊደል ቢበላሽ በትንሹ ሰሌዳ የሚጠፋው አንድ ብጣሽ ስቲከር ነው፤ በዚህኛው አንድ ሙሉ ላሜራ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠይቀናቸው ነበር፤ «ሥራውን ትችሉታላችሁ?» ጥቂት ዝም ብለው፣ «ፊደሉን እንችለዋለን፤ ብረቱን አልሠራሁም» አሉ። ይህ መልስ ከዋጋው ይቀድማል። የሸጠውን ነገር ጉድለት፣ በተለይም በሰው ሕይወት ላይ አደጋ የሚያመጣውን፣ የሚሸሽግ ሻጭ ዋጋው የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን በዳይ ነው። ከአራተኛ ፎቅ ላይ የሚወድቅ ብረት ከሥሩ በመንገድ የሚያልፈውን አይመርጥም። ስለዚህ ብየዳውን የሚያውቅ ሰው እንዲይዙ፣ የእርሱንም ድርሻ ከራሳቸው ቀንሰው ሳይሆን ለብቻው በዋጋው ውስጥ እንዲያስገቡት ተስማማን። ከዚህ የተነሣ ሌላ ጥያቄ መጣ። ወንድማችን በዚህ ሥራ ብዙ አዲስ ነገር ይማራሉ፤ የመማሪያውን ጊዜ ደንበኛው ሊከፍል ይገባልን? እንደ እኛ አስተያየት፣ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚያገለግል መሣሪያ ቢገዛ ወይም ቢከራይ የሥራው ወጪ ነው። ወደ ፊት ሌላ እንጀራ የሚያበሉትን ዕውቀት ግን ሙሉ በሙሉ በመጀመሪያው ደንበኛ ጫንቃ ላይ መጫን አይገባም። በዚህ ላይ ሌላ ሐሳብ ያለው አንባቢ ቢኖር አንከራከረውም፤ ድንበሩ ቀጭን ነው።

በሁለተኛው ምሽት ወደ ጓደኛቸው ምክር ተመለስን። ደንበኛው ቸኵሏልና፣ ሀብታምም ነውና፣ ዋጋው ይጨመርበት የሚለው ሐሳብ ከሰማነው ሁሉ የሚያታልል ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በ13ኛው መቶ ዘመን በጻፈው «ሱማ ቴዎሎጊያ»፣ በሁለተኛው ክፍል ሁለተኛ መጽሐፍ፣ በ77ኛው ጥያቄ ይህንኑ ነገር መርምሮታል። ሐሳቡን በራሳችን ቃል ስናቀርበው እንዲህ ነው። ሻጩ ዕቃውን በመስጠቱ የተለየ ጉዳት የሚደርስበት ከሆነ፣ ያ ጉዳት በዋጋው ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ የራሱን ነገር ነውና የሚሸጠው። ገዢው ግን ከዕቃው የተለየ ጥቅም የሚያገኝ ሆኖ ሻጩ ምንም የማይጎዳ ከሆነ፣ ሻጩ በዚያ ምክንያት ዋጋ ሊጨምር አይገባውም፤ ያ ጥቅም ከገዢው ሁኔታ የመጣ እንጂ ከሻጩ የመጣ አይደለምና። ሰው የራሱ ያልሆነውን ሊሸጥ አይችልም።

ይህን በሆቴሉ ሰሌዳ ላይ ስናውለው ነገሩ ይጠራል። የባለሀብቱ ጭንቀት፣ የተጠሩት እንግዶችና የተቈረጠው ቀን የባለሀብቱ ናቸው፤ ወንድማችን ሊሸጧቸው አይችሉም። ነገር ግን ሥራው ለቀኑ እንዲደርስ ሁለቱ ልጆች ሌሊት ቢሠሩ፣ ያ ሌሊት የልጆቹ ነው፤ ዕንቅልፋቸውና ድካማቸው ነው፤ ዋጋ አለው፤ ሊጠየቅበትም ይገባል። ስለዚህ የችኮላ ዋጋ የሚባል ነገር የለም ብለን አልመለስንላቸውም። የችኮላ ዋጋ አለ፤ የሚለካው ግን እኛ በምንከፍለው ድካም እንጂ እርሱ በሚፈራው ፍርሃት አይደለም። ስለ ሀብቱም እንዲሁ ነው፤ ኪሱ የእርሱ ነው። ቅዱስ ቶማስ በዚያው ስፍራ፣ ታላቅ ጥቅም ያገኘ ገዢ በገዛ ፈቃዱ ጨምሮ ቢሰጥ ለጨዋነቱ እንደሚቈጠርለት ይናገራል። በእኛም አገር ሥራው ያስደሰተው ሰው ለልጆቹ መሸለሙ ያለ ልማድ ነው። ይህ በዋጋው ውስጥ አስቀድሞ የሚቈረጥ ግን አይደለም።

«ተስማምተን የለ?» የሚለውንም ሰምተናል። ደንበኛው ወዶ ፈርሞ ከከፈለ ማን ተበደለ? ይህን ክርክር ቤተ ክርስቲያን በሌላ ወገን ታውቀዋለች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው ስለ ሠራተኛ ደመወዝ ሲያስተምሩ፣ ሠራተኛው ከችግር የተነሣ የተስማማበት ክፍያ ስምምነት ስለሆነ ብቻ ፍትሐዊ እንደማይሆን፣ ከስምምነቱ በታች የሚጠብቀው የተፈጥሮ ፍትሕ እንዳለ አስረድተዋል። ድኻው ሲጨነቅ የሠራው ሕግ ሀብታሙ ሲጨነቅ አይሻርም። እ.ኤ.አ. በ1992 የጸናው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቍጥር 2409 የሌላውን አለማወቅ ወይም ችግር መጠቀሚያ አድርጎ ዋጋ ማስወደድን ከሰባተኛው ትእዛዝ መተላለፍ ጋር ይቈጥረዋል።

አለማወቅ የሚለውን ቃል ልብ እንበል። ባለሀብቱ የላሜራ ዋጋ አያውቁም፤ ሦስት እጥፍ ቢጠየቁ ባያውቁት ይከፍላሉ። ቅዱስ አውግስጢኖስ «ስለ ሥላሴ» በተባለው መጽሐፉ በ13ኛው ክፍል አንድ የሚያውቀውን ሰው ያነሣል። ሻጩ የመጽሐፉን ዋጋ ባለማወቁ በጥቂት ገንዘብ ሊሰጠው ሲል፣ ያ ሰው ሻጩ ካሰበው እጅግ የሚበልጠውን ትክክለኛ ዋጋ ከፈለ። በርካሽ መግዛትና በውድ መሸጥ የሰው ሁሉ ምኞት ነው ለሚለው አባባል ቅዱሱ ያቀረበው መልስ ይህ አንድ ሰው ነበረ። አንድ ሰው መገኘቱ ይበቃዋል።

እንዲህም ስንል ትክክለኛው ዋጋ እንደ መርፌ ጫፍ አንዲት ነጥብ ናት ማለታችን አይደለም። ዋጋ በግምት የሚቆም በመሆኑ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ ፍትሕን እንደማያፈርስ ራሱ ቅዱስ ቶማስ ተናግሯል፤ ከእርሱ በኋላ የተነሡ መምህራንም ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ የሆነ ቅን ዋጋ እንዳለ አስተምረዋል። ትርፍም ኃጢአት አይደለም። ወንድማችን ቤት አላቸው፣ ልጆች ያስተምራሉ፣ ሱቁም ነገ መከፈት አለበት፤ በብዙ ዓመት የተገራ እጅም ዋጋው የአንድ ቀን ድካም ብቻ አይደለም።

በአሁኑ ዘመን ደግሞ ሌላ የሚያስጨንቅ ነገር አለ። የመብራቱ ዕቃ፣ አክሬሊኩ፣ የሚታተምበት ሸራ አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 መጨረሻ ላይ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ በፊት ዋጋ ተናግሮ ቀብድ የተቀበለና ዕቃ ገና ያልገዛ ሠሪ ምን እንደ ደረሰበት መገመት አያዳግትም። ከዚህ የተነሣ አንዳንዶች ፍርሃታቸውን ሁሉ በዋጋው ላይ ደርበው ይጠይቃሉ፤ የፈሩት ባይደርስም ገንዘቡን አይመልሱም። እኛ የመከርናቸው ዋጋው የሚጸናበት ቀን በወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ፣ ቀብዱም ዕለቱን ዕቃ ለመግዛት እንዲውል ነው። ቀብድ የደንበኛው ገንዘብ በአደራ ነው፤ የቤት ኪራይ መክፈያ ወይም የሌላ ሰው ሥራ መጨረሻ ሲሆን ያየነው ችግር ብዙ ነው።

ስለ ፕሮፎርማ በአጭሩ እንናገር፤ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከወጣቶች ጋር ሊነጋገሩበት ይገባልና። ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ ሲባል የጓደኛን ማኅተም ተውሶ ሁለት የሐሰት ዋጋ ጽፎ ማቅረብ፣ ወይም ዕቃ ገዢው ሠራተኛ ድርሻውን እንዲያገኝ ደረሰኙን ከፍ አድርጎ መጻፍ፣ «አሠራሩ ነው» ስለተባለ ብቻ ሐሰትነቱ አይቀርም። እዚህ ላይ ልዩነት የለንም። በዋጋ ክርክር መካከል «ማርያምን፣ ከገዛሁበት በታች ነው» እያሉ መማልም እንዲሁ ነው። ትርፍን አለመናገር ይቻላል፤ ማንም ሰው ትርፉን የመግለጥ ግዴታ የለበትም። የእመቤታችንን ስም ጠርቶ ትርፍ የለኝም ማለት ግን ከዝምታ ጋር የሚቈጠር አይደለም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ መብዛቱ ነው። ስለ ማነሱም ልንናገር ይገባናል፤ በዚህ ግን ራሳችን ተወቃሾች ነን።

ከብዙ ዓመታት በፊት ቁምስናችን የምሥረታውን በዓል ሊያከብር ሲዘጋጅ፣ እኛም ከኮሚቴው አባላት አንዱ ነበርን። በግቢው መግቢያ ላይ የሚቆም ትልቅ የቅዱሳን ሥዕልና ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ ያስፈልግ ነበረ። አንድ ሰዓሊ ጠራን። ዋጋውን ነገረን። እኛም እንደ ልማዳችን፣ «የእግዚአብሔር ቤት ሥራ ነው፤ በረከት ታገኝበታለህ» እያልን ከጠየቀው ግማሽ ላይ አደረስነው። ራሱን እያከከ ተስማማ። ሥራውን በቀኑ አደረሰ፤ መልካምም ሥራ ነበረ። በበዓሉ ማግስት ለቁምስናው ባቀረብነው ሪፖርት ስለ ሰሌዳው ብዙ ገንዘብ ማትረፋችንን ጽፈን ተጨበጨበልን።

ከጊዜ በኋላ ሰምተን ያዘንነው ነገር ይህ ነው። ሰዓሊው አንድ ረዳት ነበረው፤ ዕድሜው ከ16 የማይበልጥ ልጅ። ሦስት ሳምንት ከእርሱ ጋር ሌት ተቀን ሲሠራ ቈይቶ ሰሌዳው ሲያልቅ ደመወዙ አልተከፈለውም። እኛ የከፈልነው ለቀለሙና ለእንጨቱ አልፎ ለሰዓሊው ቤት ብቻ በቃ። ልጁም ጥቂት ጠብቆ ሥራውን ትቶ ሄደ። ሰዓሊው እኛን አልወቀሰም፤ ልጁም ወደ እኛ አልመጣም፤ ማን እንዳስቀረበት አያውቅምና።

እንግዲህ ያን ጊዜ ለቤተ ክርስቲያን ምጽዋት የሰጠው ማን ነበረ? እኛ ከኪሳችን አልሰጠንም። ሰዓሊው ጥቂት ሰጠ። የበለጠውን የሰጠው ሳይጠየቅ፣ ሳይወድና ሳያውቅ ያ ልጅ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 5 የተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚጮኽ ሲጽፍ ባለጠጎችን ይገሥጻል፤ እኛም ያን ንባብ በቤተ ክርስቲያን ስንሰማ ሌሎችን እናስብ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ለእግዚአብሔር ቤት ነው» የሚለውን ቃል በዋጋ ክርክር ላይ አንጠቀምበትም። ሠሪው ራሱ አስቦ ቢተው ስጦታው የእርሱ ነው፤ እኛ ስንጠይቀው ግን የምንጠይቀው የማንን እንደሆነ አናውቅም።

ስለዚህ የወንድማችን ባለቤት ምክርም እንደ ጓደኛቸው ምክር አንድ ጥያቄ አለበት። ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ሥራውን ማግኘት መልካም ሊመስል ይችላል፤ የቀነሰው ገንዘብ ግን ከየት እንደ ቀነሰ መታየት አለበት። ከራሳቸው ትርፍ ቢቀንሱ ፈቃዳቸው ነው። ከቱቦላሬው ውፍረት ቢቀንሱ በመንገደኛው ላይ ነው፤ ከፀረ ዝገት ቀለሙ ቢቀንሱ በባለሀብቱ ላይ ነው፤ ከሌሊቱ ክፍያ ቢቀንሱ በሁለቱ ልጆች ላይ ነው። ይህን ስንነጋገር ወንድማችን እርሳሱን አስቀምጠው፣ «ትልቁ ልጅ በዚህ ሥራ ጨምርልኝ ብሎኝ ነበር፤ ገና አልመለስኩለትም» አሉን።

በማግስቱ ዋጋውን በክፍል በክፍል ጽፈው ለባለሀብቱ አቀረቡ። ብረትና ብየዳ፣ ላሜራና ፊደል፣ መብራት፣ መወጣጫና መስቀያ፣ የሌሊት ሥራ፣ የእጅ ዋጋ፤ ታክሱም ለብቻው። ድምሩ በተለመደው የካሬ ስሌት ከሚወጣው በግማሽ ያህል ይበልጥ ነበር፤ ጓደኛቸው ካሉት ሦስት እጥፍ ግን እጅግ ያንሳል። ባለሀብቱ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው ፊታቸውን አጨማደዱ። ከዚያም ጣታቸውን በአንድ መስመር ላይ አኑረው፣ «ይህ የሌሊት ሥራ ምንድን ነው?» አሉ። ተነገራቸው። ጥቂት አስበው፣ መብራቱ ከምረቃው በኋላ ቢገባ ግድ እንደሌላቸው፣ ሰሌዳው ብቻ ለቀኑ እንዲቆምላቸው ተናገሩ። መብራቱ በመዘግየቱ አብዛኛው የሌሊት ሥራ ቀረ፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ቀነሰ። ዋጋው በአንድ ቍጥር ብቻ ተጠርቶ ቢሆን ኖሮ ባለሀብቱ የራሳቸውን ችኮላ ከዋጋው ውስጥ ሊያወጡት ባልቻሉም ነበር።

ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ የብረቱ ቋሚ ተበይዶ በሱቁ ደጃፍ ተጋድሞ ፀረ ዝገት እየተቀባ ነው። መንገዱን ስለሚያጠብ ጎረቤቶች ማጕረምረማቸው አልቀረም። ትልቁ ልጅ ጭማሪውን አግኝቷል። ለቀሩት ጥቂት የሌሊት ሰዓታት ምን ያህል እንደሚከፈል ግን ገና እየተነጋገሩ ነው፤ ልጁ የቀኑን እጥፍ ይላል፤ ወንድማችን ወደ እኛ መጥተው ይጠይቁን ይሆናል።

እኛም በበኩላችን ሳንጠይቅ አልቀረንም። የያኔው ሰዓሊ ዐርፏል፤ ነፍሱን ይማር። ረዳቱ የነበረው ልጅ ግን ዛሬ የቤተሰብ ኃላፊ ሆኖ በአጎራባች ከተማ ባጃጅ እንደሚያሽከረክር ሰምተናል። ያልተከፈለው የሦስት ሳምንት ደመወዝ በዛሬ ገንዘብ ስንት እንደሚሆን የሚያሰሉ ሁለት ሰዎች ተመርጠው፣ ጉዳዩ ለቁምስናው ምክር ቤት በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲቀርብ በቃለ ጉባኤ ተይዟል።